መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ ክፈት፦ ከካፋ ኬላ እስከ ዌብ ሰርቨር

ዛሬ ከቦንጋ ተነስቶ ቢታ ገነት ለመድረስ የሚያስፈልገው መኪና ማግኘት ብቻ ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን ግን እንግዳ ሰው ዝም ብሎ ወደ አገሩ አይገባም። ድንበሩ በጥልቅ ቦይ፣ በአጥርና በጫካ የታጠረ ነበር፤ መግቢያው ጠባቂ የቆመበት ኬላ ብቻ ነው። መጪው እዚያ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል። ቢፈቀድለትም አገሩ ሁሉ ተከፈተለት ማለት አይደለም፤ የሩቅ ነጋዴ የሚገበያየው ቦንጋ ላይ ነው፣ የንጉሡ መቀመጫ አንድራቻ ደግሞ ሌላ ደጅ፣ ሌላ ፈቃድ። ይህን ሥርዓት ከመዘገቡት አንዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካፋ ድረስ የሄደው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ነው።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ዌብ ሰርቨር ነው።

ሰርቨር ፎልደሮች የያዘ፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። ብሮውዘራችሁ «ይህን ፋይል ስጠኝ» ይለዋል። ፋይሉ ከሌለ 404 ይመልሳል፤ ኖሮ ካልተፈቀደላችሁ ደግሞ 403። ታዲያ ማን ምን ይፈቀድለት? እ.ኤ.አ. በ1993 አካባቢ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሮብ ማክኩል የጻፈው ሰርቨር ለጥያቄው መልስ ነበረው፦ በየፎልደሩ «ኤችቲአክሰስ» የምትባል ትንሽ የደንብ ፋይል ማስቀመጥ። ማክኩል በ1994 ሥራውን ሲለቅ ተጠቃሚዎቹ የየራሳቸውን ጥገና አሰባስበው በ1995 አፓቼን አወጡ። ፋይሏም አብራ ተሻገረች፣ እስከ ዛሬም አለች።

የድሮው ደንብ አጻጻፍ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አደናጋሪ ነበር። «ኦርደር አላው፣ ዲናይ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው ይከለከላል፤ ሁለቱን ቃላት ካገላበጣችሁ ያው ሰው ይገባል! የኬላውን ትርጉም የሚቀይረው የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። በ2012 የወጣው አፓቼ 2.4 ይህን ትቶ ግልጹን አመጣ፦ «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» ማንም አይግባ፣ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» ሁሉም ይግባ። ከአፓቼ ጋር የሚመጣው የደንብ ፋይልም የካፋን መንገድ ነው የሚከተለው፦ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ፎልደር በሙሉ ከሥሩ ይዘጋል፣ ከዚያ የድረ ገጹን ፎልደር ብቻ ለይቶ ይከፍታል።

«ድረ ገጼ ካልተከፈተው ውጭ ማን ይደርሳል?» የሚል ሰው ሥሩን መዝጋት ትርፍ ሥራ ይመስለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 የወጣው 2.4.49 ግን ስህተት ነበረበት። በአድራሻ ውስጥ ሁለት ነጥብ ማለት «አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ» ነው፤ ሰርቨሩ ይህን ማገድ አለበት። ነጥቧን በኮድ ቀይሮ ለላከ ሰው ግን ያሳልፍ ነበር። በዚህ መንገድ ከድረ ገጹ ፎልደር ወጥቶ የሰርቨሩን ሌላ ፋይል ማንበብ ተቻለ። ወዲያው የወጣው 2.4.50 ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ አልደፈነም፤ በጥቅምት የደፈነው 2.4.51 ነው። በእነዚያ ቀናት ሥሩን የዘጋ ሰው ፋይሎቹ አልተነበቡበትም። አጥሩን አልፎ የመጣው ሌባ ሁለተኛ ኬላ ገጠመው ማለት ነው።

ካፋን በ1897 የጣለው ግን እንዲህ ያለ ስውር ቀዳዳ አይደለም፤ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራ የአፄ ምኒልክ ጦር ነው፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ንጽጽሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። ፎልደሩ የመግቢያ ገጽ ከሌለውና «ኢንዴክስስ» የሚለው አማራጭ ከተከፈተ፣ ሰርቨሩ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ለጎብኚው ያሳያል። የተማሪ ውጤት «አድራሻውን ማንም አያውቅም» ተብሎ እዚያ ከተቀመጠ፣ ዝርዝሩ ራሱ ይመራዋል። አማራጩን ለማጥፋት ከስሙ ፊት አንዲት የመቀነስ ምልክት ትበቃለች።