የፕሪንስተኑ ቅያሜ

ከ100 በታች ያሉ ፕራይም ቁጥሮች፣ ማለትም በ1 እና በራሳቸው ብቻ የሚካፈሉት፣ 25 ናቸው። እስከ ሚሊዮን 78,498 ይደርሳሉ። ወደ ላይ በተሄደ ቁጥር እየሳሱ ይመጣሉ። የአሳሳላቸውን ሕግ የሂሳብ ሊቁ ጋውስ ገና በ15 ዓመቱ ግድም ጠርጥሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ሃዳማርና ዴ ላ ቫሌ ፑሳን በየፊናቸው አረጋገጡት። የሄዱት ግን በኮምፕሌክስ ቁጥሮች በኩል ዞረው ነው። እንግሊዛዊው ሃርዲ በ1921 ኮፐንሃገን ላይ፣ ያለዚያ ዙሪያ ጥምጥም የሚያደርስ መንገድ መገኘቱን እንደሚጠራጠር፣ ከተገኘ ግን መጻሕፍቱ እንደ አዲስ ሊጻፉ እንደሚገባ ተናግሮ ነበር።

በ1948 መንገዱ ተገኘ፤ ጠቡም አብሮት መጣ።

ፕሪንስተን የነበረው ኖርዌያዊው አትሌ ሴልበርግ ስለ ፕራይሞች አንድ ብርቱ ቀመር በእጁ ነበረው። በሐምሌ ለቪዛ ጉዳይ ሞንትሪያል ሄዶ ሳለ፣ ሃንጋሪያዊው ቱራን የሴልበርግን ሌላ ሥራ ለባልደረቦቹ አስረዳ። ከገለጻው በኋላ የቀመሩ ነገር ተነሳ። ፖል ኤርዶሽ እዚያው ነበር፤ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በየሂሳብ ሊቁ ቤት የሚዞረው ኤርዶሽ። ሴልበርግ ሲመለስ አንድ ውጤት ይዞ ጠበቀው፦ በቂ ትልቅ ቁጥር ከተወሰደ፣ በእሱና ከእሱ 1 በመቶ በሚበልጠው መካከል ሁልጊዜ ፕራይም አለ፤ 1 በመቶው የፈለገውን ያህል ቢያንስም እንዲሁ። ሴልበርግ ይህን ከራሱ ቀመር ጋር አጋጥሞ በጥቂት ቀናት ማረጋገጫውን ጨረሰ።

ኤርዶሽ አብረን እናሳትም አለ። ሴልበርግ አሻፈረኝ አለ። እንደሚወራው፣ ማንነቱን ያላወቀ አንድ ሰው «ኤርዶሽና አንድ የስካንዲኔቪያ ሰው» ያገኙትን የምሥራች ለራሱ ለሴልበርግ ነግሮታል! ወሬው ተጋኖም ቢሆን ቅያሜው አይገርምም፤ ቀመሩ ባይኖር ኤርዶሽ ከምን ይነሳ ነበር? ሴልበርግ ብዙም ሳይቆይ የኤርዶሽን እርምጃ የማይሻ ሌላ ማረጋገጫ አገኘ፤ የመጀመሪያው በኤርዶሽ ውጤት ላይ መቆሙን ግን በጽሑፉ አልሸሸገም።

በ1949 ለየብቻ አሳተሙ። ሴልበርግ በ1950 የፊልድስ ሜዳሊያ፣ ኤርዶሽ በ1951 የኮል ሽልማት ወሰዱ። 

የፕራይሞች አሳሳል ሕግ ዛሬ ከግዙፍ ፕራይሞች የኢንተርኔት ምስጢር ቁልፍ ለሚሠሩ ይጠቅማል። 309 አሃዝ ግድም ካላቸው ቁጥሮች ከ710 ያህሉ አንዱ ፕራይም ነው፤ ኮምፒውተሩ ተጋማሾቹን ትቶ በዘፈቀደ ቢሞክር በአማካይ በ355ኛው ገደማ ያገኘዋል።