አሞሌና ፍየል

ዝቋላ ሲባል አብዛኞቻችን ፊታችንን ወደ ቢሾፍቱ እናዞራለን። የአቦ ገዳም ያለበት ተራራ፣ አናቱ ላይ ያለው ሐይቅ ትዝ ይለናል። እኛ ግን እዚህ የምናነሳው ሌላውን ዝቋላ ነው፤ ከሰቆጣ በስተምዕራብ ወደ ተከዜ ሸለቆ እየወረደ የሚሄደውን፣ ከተማው ጽጽቃ የሆነውን፣ የዋግ ኽምራውን ዝቋላ። ይኼኛው ዝቋላ ስሙ በሬዲዮ የሚጠራው በአብዛኛው ድርቅ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው በችግሩ እንጂ በገበያው አይደለም። እኛ ደግሞ ችግሩን የምናየው በዚያው በገበያው በኩል ይሁን ብለናል።

ምክንያት አለን። ሰሞኑን በየዶርሙ የሚወራው ኑሮ ውድነት ነው። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ደብተሩ፣ የአገር ቤት መሄጃው ትራንስፖርት፤ ወሬያችን ሁሉ «ስንት ገባ?» ሆኗል። ይህ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን እኛ ኑሮ ውድነት ስንል አንድ ዋጋ ብቻ ነው የሚታየን፤ የምንገዛው ነገር ዋጋ። የዝቋላ ገበሬ የሚኖረው በሁለት ዋጋዎች መካከል ነው። አንደኛው የሚገዛው የእህልና የጨው ዋጋ ሲሆን ሁለተኛው የሚሸጠው የፍየሉና የማሩ ዋጋ ነው። ሁለቱ አብረው ሲወጡ ሰውየው ያማርራል እንጂ ይኖራል። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ ግን እጦት ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ ነገሩ ይኸው ነው፤ የዋግ ታሪክም ይህንኑ ደጋግሞ ያሳያል።

ከጨው እንነሳ። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ከመሬት ተቆርጦ፣ እንደ ሞረድ ድንጋይ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ በጥንት ዘመን ቅመም ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ሰቆጣም የዚህ ጨው ታላላቅ መናኸሪያ ከነበሩት ገበያዎች አንዷ ነበረች። ጨዉ ከዚያ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተን ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አሞሌ የጻፈው ነገር ዛሬም ቢሆን ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ትምህርት ይሆናል። ጨዉ በሚቆረጥበት ቦታ፣ እሱ ድራም በሚለው ሚዛን፣ ለአንድ ድራም 120 ወይም 130 አሞሌ ይገኝ ነበር። ከገበያ ገበያ በተሻገረ ቁጥር ቁጥሩ እያነሰ ሄዶ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ለአንድ ድራም የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ነው። በክረምትማ 5 ሆኖ አይቷል።

ልብ በሉ፤ ጨዉ ያው ጨው ነው። በመንገድ ላይ አልጣፈጠም፣ አልጨመረም፤ እንዲያውም እየተሰበረ ይቀንሳል። ያስወደደው ሸክሙ፣ የሞላው ወንዝ፣ በየበሩ የሚጠየቀው ቀረጥ ነው። በየኬላው የተቀመጠው የገዢው ሰው ድርሻውን ያነሳል፤ ነጋዴው የከፈለውን በሚቀጥለው ገበያ ላይ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ተደምሮ የሚወድቀው ወጥ ልታጣፍጥ በተነሳች ሴት ላይ ነው። ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ድሃ ሰው አሞሌውን ፈርፍሮ ወጡ ላይ ሲጥል ገንዘቡን መብላቱ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? ገንዘቡን ያስቀምጥና ወጡን አልጫውን ይበላል። ገንዘብ እያለው የጎደለበት ሰው ታሪክ የጀመረው እንግዲህ በእኛ ዘመን አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር ክፉ ቀን ነው። በ1880 ዓ.ም. ግድም የጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ባስገባቸው ከብቶች የመጣ የከብት በሽታ አገሪቱን ጠራረገ። ከ10 ከብት 9ኙ አልቋል ተብሎ ይገመታል። በዚያ ላይ ዝናቡ ቀረ፣ አንበጣው መጣ፤ ረሃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት፣ መኳንንቱንም እንዲቆፍሩ ያዘዙት ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስናነሳ የምናወራው ስለ አራሽነቱ ነው፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም እንላለን። ልክ ነው። ነገር ግን በሬው ሌላም ሥራ ነበረው። በሬ የገበሬው ባንክ ነው፤ በክፉ ቀን የሚሸጠው እሱን ነው። የከብቱ በሽታ ማሳውንም ባንኩንም በአንድ ወር ዘጋው። እህል ተወደደ፤ እህል መግዣውም በረት ውስጥ ሞተ። ሁለቱ ዋጋዎች ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ርቀው የተለያዩበት ዘመን ካለ ጥቂት ነው።

ከዚህ ተነስተን ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆኖ እናገኘዋለን። የወሎን ነገር ካነሳን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በረሃብ ጥናታቸው የመዘገቡትን አንድ ነገር ማለፍ አይቻልም። በ1958 ዓ.ም. በኅዳር ወር የወረ ኢሉ አውራጃ ረሃብ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሪፖርት ተደረገ። ወሬው ከዚያ ተነስቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀበት። ንጉሠ ነገሥቱም ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ። ሚኒስቴሩ ምን አደረገ መሰላችሁ? የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይላክልኝ አለ። አሁን ማን ይሙት፣ ይህን የሚያህል የቢሮክራሲ ቀልድ ከየት ይገኛል? ግን ቀልድ አይደለም። መንግሥት ሕዝቡን በመቃብር በኩል ብቻ ሲያውቀው እንዲህ ነው የሚሆነው። የሞተ ሰው ይቆጠራል፤ ከመሞቱ በፊት ግን ምን እንደሸጠ፣ በስንት እንደሸጠ፣ ምን ሳይገዛ እንደቀረ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ደረሰ። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ አምጥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ መንግሥት ሊደብቀው የፈለገው ነገር በተማሪው ዓይን ፊት ቆመ። በወሎ የሞተው ሰው ግምት እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ለእኛ ርዕስ ግን ዋናው ነገር አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያወጣው ነው። ሴን የደሴን ገበያ ዋጋ ሲመረምር በረሃቡ ዓመት የእህል ዋጋ ከቀድሞው ብዙም እንዳልራቀ አገኘ። እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበርም ወሬው አለ። እንዴት? ሰው እየሞተ እህል ከአገሩ ይወጣል እንዴ? ይወጣል እንጂ! እህል የሚሄደው ሆድ ወደ ባዶበት አይደለም፤ ኪስ ወደ ሞላበት ነው። የወሎው ገበሬ ምርቱን ሲያጣ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ገበያው እንዳልተወደደ የሚናገር ሰው ደሴ ላይ ቆሞ እውነቱን ነው፤ ከገጠር ለተነሳው ግን ርካሹም ሩቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዋጋ ተነሳ። የዓለም የነዳጅ ዋጋ በመናሩ መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ፤ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራንም አድማ መቱ። መንግሥትም ከቤንዚኑ ጭማሪ ላይ ቀነሰ። የከተማው ሰው በዋጋ ጩኸቱ ሥርዓት አናጋ፤ መልካም አደረገ። ግን ይህን ልናስብበት ይገባል፤ ቤንዚን ሲወደድ የሚቆም ታክሲ አለ፣ ታክሲው ሲቆም ከተማው ይሰማል። የዋግ ፍየል ስትረክስ ግን ምን ይቆማል? ምንም አይቆምም። ባለቤቷ ሸጧት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያጣውን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ናቸው።

ከ1968 ዓ.ም. በኋላ ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቋመ። ገበሬው ኮታ ተጣለበት፤ በተቆረጠ ዋጋ ለድርጅቱ ያስረክባል፤ እህሉ ያልደረሰለትም ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ እስከ ማስረከብ ይደርስ ነበር። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል የሚያመላልሰው ነጋዴ በኬላ ተገታ። የጥንቱ ኬላ ቀረጥ ይወስድ ነበር፤ የአዲሱ ኬላ መንገዱን ራሱን ዘጋ። ጦርነቱም ገበያውን አሳደደው። ከአውሮፕላን ድብደባ ለመሸሽ በሰሜኑ አያሌ ቦታዎች ሰው በሌሊት ይገበያይ ጀመር። ገበያ በሌሊት ከሆነ ሻጩ ይቸኩላል፣ ገዢው ይፈራል፣ የሚጫነው እህልም ያንሳል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዓለም የሰማው ጥቅምት ላይ ከኮረም በወጣው የቴሌቪዥን ዘገባ ነው። ከዋግ ቁልቁለትና ዳገት በእግሩ የመጣ ሰው ብዙ ነበር በዚያ። ነገር ግን ዘገባው ከመውጣቱ በፊት፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ፒተር ከትለር የተባለ ተመራማሪ ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ባሳተመው ጥናት የገበያ ዋጋና የገበሬው አኳኋን ረሃብን አስቀድመው ሊናገሩ እንደሚችሉ ጽፎ ነበር።

እንዴት እንደሚናገሩ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የወጣ ነው። አንድ ፍየል 100 ብር፣ አንድ ቁና ማሽላ 10 ብር ቢሆን ፍየሏ 10 ቁና ታመጣለች። ዝናብ ቀረ እንበል። ግጦሽ የለም፤ ሁሉም ፍየሉን ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሻጭ ስለበዛ ፍየሏ 50 ብር ትሆናለች። እህል ደግሞ የለምና ቁናው 20 ይገባል። ያቺው ፍየል አሁን የምታመጣው 2 ቁና ተኩል ነው። እህል በእጥፍ ተወደደ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ነው የጻፈው፤ ገበሬው ላይ የተወደደበት በአራት እጥፍ ነው። በአራት ፍየል የአንዷን ያህል ለመብላት በረቱን ማራገፍ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ደግሞ የሚሸጠው አይኖረውም።

እጦትም ቅደም ተከተል አለው፤ በአንድ ቀን አይመጣም። በመጀመሪያ የሚቀረው ማንም የማያየው ነው። ስኳር ይቀራል። ቡናው በአቦል ይቆማል፤ ቶናና በረካ ለእንግዳ ይሆናሉ፣ ኋላም ለእንግዳም ይጠፋሉ። ሳሙና ይቀርና እንዶድ ይቀጠቀጣል። ላምባ ይቀርና ቤተሰቡ በጊዜ ይተኛል። ዘይት ይቀራል፣ በርበሬ ይቀንሳል፣ ጨው ይቆጠባል። ደብተር ሲቀር ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነው ምግቡ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ የሚወርደው። ከዚያ ዘሩ ይበላል፣ በሬው ይሸጣል፣ በመጨረሻ ቤቱ ይዘጋል። ሬዲዮ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ሲዘጋ ነው።

በእኛ ዘመንም ይኸው መሰላል ታይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲመታ ከዝቋላና ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሰው ወደ ሰቆጣ ወጣ፤ ባንክና ስልክ ተቋረጡ፣ መንገዱ ተዘጋ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ገበያው እፎይ ሳይል በ2015 እና 2016 ዓ.ም. ድርቅ ዝቋላን፣ ሰሃላ ሰየምትንና አበርገሌን ያዘ። በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዘይትና ነዳጅ ዝቋላ እስኪደርስ የስንት መንገድ፣ የስንት ኬላ ወጪ እንደሚጨመርበት ከአልቫሬዝ አሞሌ መማር ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ «ታዲያ ዝናብ ቢቀር ማን ምን ያድርግ?» የሚል። ዝናቡን ማንም አላዘዘውም። የተዘጋ መንገድ ግን የሚዘጋው ሰው ነው። ኮታ የሚጥለው ሰው ነው፤ ሪፖርት 302 ቀን የሚያሳድረውም ሰው ነው። ድርቅ ብለን ስንሰይመው ሁሉንም ለሰማይ እንሰጣለን፤ ገበያውን ስናየው ግን ምድር ላይ ያለው ድርሻ ይታያል።

እንግዲህ ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ለጥናት፣ ለሥራ፣ ወይም ለእረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን። የቻልን በቅዳሜ ገበያ ሁለት ቁጥር እንጻፍ፤ የእህሉንና የፍየሉን። ለየብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን። ፍየሏ ስንት ቁና ታመጣለች ብለን በየወሩ ብንጽፍ፣ የዝቋላን ችግር ከኮረም ዘገባ በፊት ለማወቅ ያስችላል። ያኔ ሚኒስቴሩ የጠየቀው የሙታንን ስም ዝርዝር ነበር። እኛ የሕያዋንን ገበያ እንጠይቅ።