መሣሪያውና አስተርጓሚው



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቡራዩን አልፎ በምዕራቡ መንገድ ለሚጓዝ ሰው ሆለታ ሩቅ አይደለችም። በዚህች ከተማ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከስዊድን አገር የመጡ መኮንኖች የኢትዮጵያን ወጣቶች ማስተማር እንደ ጀመሩ ታሪክ ይነግረናል። መምህሩ በስዊድን፣ ተማሪው በኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚያግባባ ቋንቋ ባይገኝ ኖሮ የመምህሩ ዕውቀት በመምህሩ ዘንድ፣ የተማሪውም ትጋት በተማሪው ዘንድ ተዘግቶ በቀረ ነበር። ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ታሪክ የጦር ታሪክ ሳይሆን የኮምፒዩተር ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም አዛዥና ታዛዥ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚደርሰው ችግር ነው።

በሆለታ፣ ወይም በሰበታ፣ ወይም በሱሉልታ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ከፊቱ አድርጎ ተቀምጧል እንበል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቋርጧል፤ ይህ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ዐዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛው ወዳጆቹ በመከሩት መሠረት ሊኑክስ የሚባለውን፣ የአሠራሩ ምንጭ ለሁሉ ክፍት የሆነውንና ያለ ክፍያ የሚገኘውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫነበት። ኮምፒዩተሩ ፈጥኖ ተነሣ፤ ፊደሉ ጠርቶ ታየ፤ ድምፁም ተሰማ። ዋይፋይ ሲፈልግበት ግን አንድም ስም አልወጣም። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው በስልኩ የሚያገኘውን መስመር ይህ ላፕቶፕ ከነመኖሩም አላወቀው። ሠራተኛው ሁለት ቀን ከደከመ በኋላ፣ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ ፈረደ፤ ያልተፈቀደ የዊንዶውስ ቅጅም ከገበያ አምጥቶ መልሶ ጫነ። እኛ ግን ፍርዱ ያለ ቦታው ወድቋል እንላለን። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ የገመድ አልባ ካርድ አለች። ይህች ካርድ በእውነቱ ትንሽ ሬዲዮ ናት፤ ማዕበል ትልካለች፤ ማዕበል ትቀበላለች። ነገር ግን በየትኛው ድግግሞሽ እንደምትሠራና በምን ያህል ኃይል እንደምትናገር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊያዛት ይገባል። ትእዛዙን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተቀብሎ በካርዷ ቋንቋ የሚያደርስ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ይህም አስተርጓሚ ማለት ነው። ከድራይቨሩ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር በራሷ በካርዷ ላይ የሚጫን ፈርምዌር የሚባል ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አለ። አስተርጓሚው ከሌለ፣ ወይም ፈርምዌሩ ከጠፋ፣ ካርዷ ምንም ጤነኛ ብትሆን ደንቆሮና ዲዳ ሆና ትቀመጣለች።

የአስተርጓሚ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎባቸው ተገኘ። በአንድ ግሥ መለያየት የተነሣው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተፈጸመ። የካርድ ነገር ከአገር ነጻነት ጋር አይወዳደርም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የሌላውን ቋንቋ በራሱ ዓይን ማንበብ የማይችል ሰው፣ በማያውቀው ቃል ታስሮ ይገኛል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የዋይፋይ መሠረት የሆነው ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣው በ1997 ነው። በአገራችንም የሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ በ1979 ከቆመ በኋላ፣ ለሕዝብ የሚሰጠው የኢንተርኔት አገልግሎት በዚያው በ1997፣ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ። ቃል ከሩቅ አገር ባሕር ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ፣ ከግድግዳው እስከ ጠረጴዛችን ያለችው ጥቂት ክንድ ብቻ ቀረች። እጅግ አስቸጋሪ ሆና የተገኘችውም ይህችው የመጨረሻዋ ጥቂት ክንድ ናት።

ላፕቶፖች ካርዱን በሆዳቸው ይዘው መሸጥ ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ የቺፕ ሠሪዎች አስተርጓሚውን ለዊንዶውስ ብቻ አዘጋጁ። የሊኑክስ ሰዎች «የካርዱን ቋንቋ የሚገልጸውን ጽሑፍ ስጡንና አስተርጓሚውን እኛው ያለ ዋጋ እንሠራለን» ቢሏቸው እንቢ አሉ። ያቀረቡትም ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው የንግድ ምስጢራችን ይገለጥብናል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ካርዱ ሬዲዮ ስለሆነ ማንም ሰው ከሕግ ውጪ በሆነ ድግግሞሽና ኃይል እንዲናገር ሊያደርገው ይችላል የሚል ነው። ምክንያቶቹ ጨርሰው ከንቱ ናቸው አንልም። ነገር ግን ዋጋውን ከፍሎ ካርዱን የገዛው ሰው፣ የገዛውን ዕቃ ቋንቋ እንዳያውቅ ተከለከለ።

በዚህ ጊዜ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች በሦስት መንገድ ተነሡ። የመጀመሪያው መንገድ ኤንዲስራፐር የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር እንዳለ ሸፍኖ በሊኑክስ ውስጥ ማሠራት ነበር። ይህ ብዙ ሰው ከችግር አውጥቷል፤ ሆኖም የሚናገረውን የማናውቀውን አስተርጓሚ ወደ ቤታችን ማስገባት ስለ ነበር፣ ሲሳሳት የሚያርመው አልተገኘም።

ሁለተኛው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የብሮድኮም ካርዶች በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኙ ስለ ነበር፣ አንድ ወገን የተዘጋውን ድራይቨር ፈታትቶ የካርዱን ጠባይ በጽሑፍ አሰፈረ፤ ያንን ድራይቨር ያላየው ሁለተኛው ወገን ደግሞ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ ዐዲስ ድራይቨር ሠራ። ሥራውን እንዲህ የከፈሉት «የእኛን ገለበጣችሁ» የሚል ክስ እንዳይነሣባቸው ነው። ድራይቨሩም እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው በሊኑክስ 2.6.17 ውስጥ ገባ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ ፈርምዌሩ እንደ ተዘጋ ስለ ቀረ፣ ተጠቃሚው ከሌላ ቦታ ማምጣት ነበረበት። ፈርምዌሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ፈርምዌሩ ያስፈልጋል። ስንቱ ሰው በዚህ ደጃፍ ላይ ተስፋ ቆርጦ ተመልሷል!

ሦስተኛው መንገድ መከራከርና ማሳመን ነበር። በዚህ ረገድ የኦፕን ቢኤስዲ መሪ ቴዎ ዴ ራድ የታወቀ ነው። ክርክሩ ወደ እኛም አገር ደጅ የደረሰ ስለሆነ ጥቂት እንዘርዝረው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ፕሮጀክት ለድኻ አገር ልጆች ያዘጋጀው ትንሽ ኮምፒዩተር በሊኑክስ የሚሠራ ነበር። የገመድ አልባ ቺፑ የማርቬል ሲሆን፣ አንዱ ላፕቶፕ መስመሩን ለጎረቤቱ እያቀበለ በገጠር ትምህርት ቤት መረብ እንዲዘረጋ ታስቦበታል። ዴ ራድ እ.ኤ.አ. በ2006 የቺፑ ፈርምዌር ዝግ መሆኑን፣ ስለ ቺፑ የሚገልጸውም ጽሑፍ በምስጢር ውል የታሰረ መሆኑን በአደባባይ ነቀፈ። የፕሮጀክቱ ሰዎች ደግሞ ኃይል የሚቆጥብና መረቡን የሚያቀባብል ቺፕ ያስፈልገናል ብለው መለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህ ላፕቶፖች በሺህ እየተቈጠሩ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ልጆቹ የያዙት ኮምፒዩተር አብዛኛው ፕሮግራሙ ለሚመረምረው ሁሉ ክፍት ሲሆን፣ ልጅን ከልጅ የምታገናኘው የትንሿ ሬዲዮ ፈርምዌር ግን ከተዘጉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር።

በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ አስተዋይ አንባቢ ያያል። አንደኛው «ዛሬ ልጁ ይማር» ይላል፤ ሁለተኛው «ነገ ሲበላሽ ማን ያድሰዋል?» ይላል። ጊዜ ግን ጥቂት በጥቂት የሁለተኛውን ጥያቄ አስደመጠ። አቴሮስ በ2008 ክፍት ድራይቨር አወጣ፤ ብዙ የታማው ብሮድኮምም በሴፕቴምበር 2010 ለዐዳዲስ ካርዶቹ ክፍት ድራይቨር አቀረበ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ደቢያን ደግሞ ዝግ ፈርምዌርን ከመጫኛው ለይቶ ሲኖር፣ በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው በ2023 በወጣው በ12ኛው እትሙ ውስጥ አብሮ እንዲገባ አደረጉ። መርሕ የሚወዱ ሰዎች እንኳ በበሩ ደፍ ላይ የቀረውን እንግዳ ማስገባት ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ላፕቶፕ ስትገዙ ወይም የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ የገመድ አልባ ቺፑን ስምና መለያ ቁጥር ጠይቁ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች በሆዳቸው የተለያየ ካርድ ይዘው ሊገኙ ይችላሉና። አንዳንድ ሠሪዎች ከመረጡት ካርድ በቀር ሌላ እንዳይገባ ማሽኑን ቈልፈውት ስለሚሸጡ፣ በኋላ እንለውጠዋለን ብላችሁ አትተማመኑ። ከመጫናችሁም በፊት ሊኑክስን በፍላሽ አስነሥታችሁ ዋይፋዩን ሞክሩ፤ ይህ በዲስኩ ያለውን ጽሑፍ ሳይነካ የሚደረግ ፈተና ነው። ካርዱ ዝም ቢል፣ አስቀድሞ የዋይፋዩ ማብሪያ አለመጥፋቱን ተመልከቱ። ከዚያም ስልካችሁን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያይዛችሁ በስልኩ ኢንተርኔት የጎደለውን ፈርምዌር አውርዱ። ከላይ የጠቀስነው ሠራተኛ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ሁለት ቀኑን ባላጠፋ፣ ሕገወጥ ቅጅም ባልጫነ ነበር።

ይህን ስንል ሁሉም ሰው መሐንዲስ ይሁን ማለታችን አይደለም። መንግሥትም ሆነ ግለሰብ ገንዘቡን አውጥቶ መሣሪያ ሲገዛ፣ የመሣሪያው ቋንቋ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ ማለታችን ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የምትጨመር አንዲት መሥመር፣ በኋላ ከብዙ ዕቃ በመጋዘን መበስበስ ታድናለች። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው። መሣሪያውን ያለ አስተርጓሚው የገዛ ሰው፣ ዋጋውን ሙሉ ከፍሎ ዕቃውን እኩሌታ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።