ስለ ቁርጥማት፤ ነርቭ፥ ዕጢና ተከላካይ ኃይል በአንድ መጋጠሚያ ላይ

ቁርጥማት የብርድ ውጤት ነው የሚለው የደጋ ሰው አስተያየት፥ በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ካራቆሬ ሲደርስ ከይፋት ቆላ ሙቀት ጋር ይጋጫል፤ ሌሊቱን ያለ ልብስ ያደረ ሰው እንኳ ጎሕ ሲቀድ ጣቱን ማጠፍ ተስኖት ይነሣልና። ስለዚህ የንጋቱን ሕመም ምክንያት ከአየሩ ይልቅ በሥጋው ውስጥ ካለው ሰዓት መፈለግ ይገባል።

ተከላካይ ኃይላችን የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ መገጣጠሚያን በሚወጋበት በሩማቶይድ ቁርጥማት፥ ኢንተርሉኪን 6 የተባለው እብጠት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ የሚበዛው ሌሊቱ ወደ ንጋት ሲያዘነብል ነው። ይህን የሚገታው ኮርቲሶል፥ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው ዕጢ በአንጎል ትእዛዝ የሚያመነጨው፥ በእኩለ ሌሊት ዝቅ ብሎ ወደ ጧት ይወጣል፤ በሕመምተኛው ግን መጠኑ ከእብጠቱ ጽናት ጋር ስለማይመጣጠን፥ የንጋቱ ግትርታ ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ይዘገያል።

ዕጢዎች በቁርጥማት ላይ ያላቸውን ሥልጣን ለዓለም ያስረዳው አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች ነው። ነፍሰ ጡሮችና ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሕሙማን ከቁርጥማታቸው ሲያገግሙ አስተውሎ፥ በ1948 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ዕጢ የሚገኘውን ኮርቲዞንን ለአንዲት ሕመምተኛ ሰጠ፤ በ1950ም ከተመራማሪዎቹ ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእርግዝናው ዕረፍት ግን፥ እናቶች እንደሚያውቁት፥ ከወሊድ በኋላ በጥቂት ወራት ብዙውን ጊዜ ያበቃል።

የነርቭ ድርሻ ከዚህም ይልቅ ያስደንቃል። ግማሽ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው በኋላ በቁርጥማት ቢያዝ፥ ሽባው ጎን ብዙ ጊዜ ከበሽታው ይተርፋል፤ ጤነኛው ጎን ያብጣል። ይህ እብጠት ከነርቭ የተለየ እንዳልሆነ ይጠቁማል። በታመመው መጋጠሚያ ውስጥም ያለ ፈቃዳችን የሚሠሩት የሲምፓቴቲክ ነርቭ ክሮች ሲመነምኑ ሕመምን የሚያደርሱት ክሮች ይቀራሉ፤ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ አንጀት የሚወርደው ቬገስ ነርቭ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሲነቃቃ እብጠቱን ሊገታ እንደሚችል በሕሙማን ላይ ተሞክሯል።

ፍርሃትም በዚሁ በነርቭና በዕጢ መንገድ ያልፋል። በ1953 ዓ.ም. መጀቴን ያፈረሰውና ካራቆሬን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ አንዴ መትቶ አልተወም፤ ለወራት ተመላለሰ። ምሳሌ ብቻ አድርጌ እጠቅሰዋለሁ፦ የመጀመሪያው ድንጋጤ ኮርቲሶልን አፍስሶ እብጠትን ለጊዜው ይገታል፤ ደጋግሞ የሚመጣው ግን የመከላከያ ሕዋሳትን ያላምዳቸውና ትእዛዙን መስማት ያስተዋቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚይዘው እንደ ኮርቲሶል የሚሠራውን ፕሬድኒሶሎንን ነው፤ በአግባቡ ለታዘዘለት ሰው እብጠትን የሚያስታግስ እንጂ በሽታውን የማይፈውስ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ምክር ገዝቶ ለብዙ ጊዜ የሚውጠው ግን፥ የገዛ ዕጢው ሥራውን ሊያቆም ስለሚችል፥ በድንገት ሲያቋርጠው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ በሰውነቱ ተኝቶ የኖረ የሳንባ ነቀርሳም በመድኃኒቱ ምክንያት ሊነቃ ይችላል።