የመተሐራ አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ

ስለ ምድር ባቡር ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚነሡት የአዲስ አበባው ለገሃርና ድሬዳዋ ናቸው። በመካከላቸው ባቡሩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ያልፋቸው ስለ ነበሩት ትንንሽ ጣቢያዎች የሚጽፍ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ከነዚሁ አንዱን፥ የመተሐራን ጣቢያ መርጠናል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ስለ ከሠረ ሐዲዱ እዚያው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተሰጥቶ ሥራው ከቀጠለ በኋላ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ መተሐራ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፈንታሌ ተራራ አጠገብ ትገኛለች። ባቡሩ ከዋና ከተማው ተነሥቶ እዚህ እስኪደርስ ድረስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ብርዱ ቀርቶ ቆላው የሚጀምረው በዚህ ነው።

በዚህ ጥቁር ድንጋይ በሞላበት ቆላ ጣቢያ ለምን አስፈለገ? ሐዲዱ አንድ ብቻ ነበረና ከጅቡቲ የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚወርደው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት አንዱ በጣቢያ ቅርንጫፍ ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላውን ሲያሳልፍ ነው። ከዚህም በላይ የእንፋሎት ባቡር ከከሰል ወይም ከእንጨት ሌላ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ በደረቅ አገር ደግሞ ውኃ የተጠበቀ ነገር ነው። በናፍጣ የሚሠሩት ሞተሮች እንፋሎቱን ሲተኩ የትንንሾቹ ጣቢያዎች ግማሽ ሥራ ያን ጊዜውኑ ቀረ ማለት ይቻላል።

አገሩ የከረዩ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። ሐዲዱ ራሱ የወሰደው መሬት ጠባብ ነው፤ ዳሩ ግን መንገድ ሲከፈት ሌላው ይከተላል። በ1958 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ጥቂት ቈይቶም የመተሐራ ስኳር እርሻ መጣ። ከብቶቹ ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወርዱበት ሥፍራ ከዓመት ወደ ዓመት ጠበበ። ይህን ትቶ የባቡሩን መምጣት ሥልጣኔ ብቻ ብሎ መጻፍ ለእኛ ግማሽ ታሪክ ይመስለናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የበሰቃ ሐይቅ ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስፋቱ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ኩሬ መሰል ውኃ ነበረ፤ በ1990ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። አንዳንድ ሊቃውንት ምክንያቱ ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውኃ ነው ሲሉ፥ ሌሎች ከምድር ውስጥ የሚመነጨው ፍል ውኃ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም አብረው ሳይሠሩ አልቀሩም። ለጥም ተብሎ ውኃ ሲፈለግበት በኖረው አገር ውኃው ራሱ ወደ ሐዲዱ መጣ፤ ጨዋማ በመሆኑም ለሰውም ለእርሻም አይረባም። የሐዲዱንና የአውራ ጎዳናውን መደብ በድንጋይና በአፈር ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ቈይቶም ውኃው በቦይ ወደ አዋሽ ወንዝ እንዲወጣ ተደረገ፤ ይህም በታችኛው አዋሽ ያሉትን ገበሬዎች ሳያሳስብ አልቀረም።

ጣቢያውን የዘጋው ግን ሐይቁ አይደለም። ጭነቱን ቀስ በቀስ የወሰደበት በዚያው በአጠገቡ የሚያልፈው የከባድ መኪና መንገድ ነው። ሐዲዱም አረጀ፤ ጥገናም አነሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። መተሐራ ከተማ ግን ከባቡሩ ጋር አልቆመችም፤ ሻይ ቤቱም ሱቁም ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ።

በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ተመረቀ፤ በመተሐራም የራሱ ጣቢያ አለው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከአሮጌው ፉርጎዎች አንዱ እንኳ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም።