ሆስፒታል ያልደረሱት፦ ጎንደርና የደጋው ሕመምተኛ



ከዚህ ከገርጂ ተነሥቶ ኮሪያ ሆስፒታል ለመድረስ ቢበዛ የሚያማርረን የመኪናው መጨናነቅ ነው። ከስሜን ገደላማ መንደሮች ደባርቅ ለሚሄድ ሕመምተኛ ግን መንገዱ ቃሬዛ፣ ተፈራርቀው የሚሸከሙ ጎረቤቶችና አቀበት ነው። ይህን ርቀት አስቀድሞ የተረዳ አንድ ተቋም ነበረን፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ። ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ባለው የደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ ኮሌጁን ጎንደር ላይ ከፈተ። ልብ በሉ፤ ኮሌጁ ሲመሠረት ሐኪም አላሠለጠነም። ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። መኮንኑ እያከመ ቡድኑን ይመራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። በሽተኛው ወደ ከተማ መምጣት ካልቻለ ሙያው ወደ እርሱ ይሂድ ማለት ነው።

የዚህን አሳብ ክብደት 1958 አሳየ። ደገኛው ቆላ ወርዶ ማደር ንዳድ እንደሚያመጣ ከጥንት ያውቃል፤ መንደሩን ከፍታ ላይ መቆርቆሩም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ወባው ራሱ ሽቅብ ወጣ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረውን፣ በሽታውን ያልለመደውን ሕዝብ መታው። ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደ ሞተ ተገምቷል። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተኛ አልጋ በየትኛው ሆስፒታል ይገኛል?

በ1970ዎቹ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ በ1978 በላይፕሲክ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የሕክምና ትምህርት ጎንደር ላይ ተጀመረ። ሐኪም ማፍራቱን አልነቅፍም። ምጥ ለጠናባት የደጋ እናት ምንጭ ማጎልበት አይደርስላትም፤ ቢላዋና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋታል። የምነቅፈው አንዱን ለማቆም ሌላውን ማፍረሳችንን ነው። ሥልጠናው የተመለሰው በ1990ዎቹ ነበር። ይባስ ብሎ (ለእኔ የታሪክ ምፀት ነው) ከ2009 ጀምሮ በገጠር ሆስፒታሎች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ ከተመረጡት መካከል እነዚያው ጤና መኮንኖች ይገኛሉ።

በዚህ ርእስ ጥናት ለምትጀምሩ አንድ ነገር ላክል። የሆስፒታል መዝገብ የሚነግረን በሩን ስላለፉት ብቻ ነው። ደባርቅ ብትሄዱ መዝገቡን ካያችሁ በኋላ ቃሬዛ የተሸከሙትን ሽማግሌዎች ፈልጉ፤ ከየትኛው አቀበት ላይ አስከሬን ይዘው እንደ ተመለሱም ጠይቋቸው።