የጎረቤቱን ዶሮ የመገበው ሥራ አጥ

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ዘ ሮድ ቱ ዊጋን ፒር» መጽሐፉ ውስጥ የአንድ ሥራ አጥ ነገር ያነሳል። ሰውዬው የሚኖረው መንግሥት በሚከፍለው የሳምንት ድጎማ ነው። ጎረቤቱ ከቤት ርቆ በሄደበት ጊዜ ዶሮዎቹን ይመግብለታል። ይህን ያየ ሰው ለባለሥልጣናቱ «ዶሮ የመመገብ ሥራ አለው» ብሎ አመለከተበት። ሰውዬው ውንጀላውን ለማስተባበል ፍዳውን አየ።

ይህን ያስታወሰኝ ከአሜሪካ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ነው። «ከሥራ ተቀንሼ አንኢምፕሎይመንት እየወሰድኩ ነው። የዩቲዩብ ቻናል አለኝ፤ የምታስገባው ለቡና እንኳ አትበቃም። ማሳወቅ አለብኝ ወይ?» ይላል። አጭሩ መልስ አዎ ነው። ግን ጥያቄው ለምን ግራ እንደሚያጋባ ለመረዳት ወደ መቶ ዓመት ገደማ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ብሪታንያ የሥራ አጥነት መድንን በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። መጀመሪያ የተሸፈኑት በግንባታ፣ በመርከብ ሥራና በኢንጂነሪንግ የተሰማሩ 2.25 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች ነበሩ። ክፍያው በሳምንት 7 ሽልንግ፣ በዓመት ቢበዛ ለ15 ሳምንታት ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት ሠራተኛ የታወቀ ነው፦ ጠዋት ፋብሪካ ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ወይ ሠርቷል ወይ አልሠራም። መቁጠሪያውም ቀን ነበር።

በ1920 መድኑ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን እንዲሸፍን ሲሰፋ የጎን ሥራ ጉዳይ አፍጥጦ መጣ። ሕጉ መልስ ሰጠ፤ መልሱ ግን ልብ ብሎ ላነበበው አስገራሚ ነው። ሥራ አጡ በጎን ሥራው በቀን እስከ 3 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ቢያገኝ ድጎማው አይነካበትም። ሆኖም ያን ሥራ ድሮም ከመደበኛው ሥራ ጎን ለጎን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ይሠራው የነበረ መሆን አለበት። ስለዚህ ፋብሪካ ውሎ ማታ ማታ ጫማ ይጠግን የነበረ ሰው ፋብሪካው ሲያሰናብተው ጥገናውን መቀጠል ይችላል። ከተሰናበተ በኋላ ቸግሮት መዶሻ ያነሳው ግን በዚያ ቀን «ሥራ አጥ» አይባልም። በእኔ እይታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይበልጥ መበረታታት የነበረበት ሁለተኛው ነበር።

ወደቦቹ ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። የመርከብ ጫኝና አውራጅ የሚቀጠረው በቀን፣ አንዳንዴም በግማሽ ቀን ነው። ሕጉ ከስድስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ ሦስቱን ሥራ ያጣ ሰው ክፍያ እንዲያገኝ ይፈቅድ ነበር። ወደበኞቹ ሒሳቡ ወዲያው ገባቸው። ሦስት ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ድጎማ መውሰድ ያዋጣል፤ አራተኛ ቀን መሥራት ግን የሦስቱን ቀን ድጎማ ያሳጣል። ታዲያ አራተኛውን ቀን ማን ይፈልገዋል? ጋዜጦች ስንፍና አሉት። ስንፍና ሳይሆን መደመርና መቀነስ ነበር።

የ1931 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ነገሩ ጨከነ። የአንድ ወንድ ሠራተኛ የሳምንት ድጎማ ከ17 ሽልንግ ወደ 15 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ወረደ። የመድን ጊዜው ያለቀበት ሰው ደግሞ «ሚንስ ቴስት» በተባለው የኑሮ ምርመራ ማለፍ ግድ ሆነበት። የሚመረመረው እሱ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። የልጁ ደመወዝ፣ የአረጋዊት እናቱ ጡረታ፣ ከተከራይ የሚገኘው ኪራይ ሁሉ እየተደመረ ከድጎማው ይቀነሳል። ሥራ ያላቸው ልጆች የአባታቸውን ድጎማ ላለማስቀነስ ከቤት ወጥተው ሌላ ቦታ የተከራዩበት ጊዜ ነበር። የዶሮው ታሪክም የዚያ ዘመን ነው። ቤተሰብን በሙሉ የሚደምረው ምርመራ የቀረው በጦርነቱ መካከል በ1941 ነው፤ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ማመልከትን የለመደ ሰፈር ግን በአዋጅ አይፈወስም።

አሜሪካ ዘግይታ ገባች። ዊስኮንሲን በ1932፣ አገሪቱ ደግሞ በ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሥርዓቱን ጀመረች፤ ዝርዝሩ ግን ለየስቴቱ ተተወ። ለዚህ ነው ዛሬ አንድ ዓይነት የጎን ገቢ ያላቸው ሁለት ሐበሾች የተለያየ ክፍያ የሚደርሳቸው። ካሊፎርኒያ ከሳምንቱ ደመወዝ 25 ዶላሩን ወይም ሩቡን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ሳትቆጥር ትተወዋለች። ኒው ዮርክ ግን እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ የምትቆጥረው እንደ ድሮው ወደብ ቀን ነበር። በአንድ ቀን አንድ ሰዓት እንኳ ከሠራህ ከሳምንቱ ክፍያ ሩቡ ይቀራል። ሳምንታዊ ክፍያህ 400 ዶላር ነው እንበል። ማክሰኞ ኦንላይን አንድ ሰዓት ተርጉመህ 20 ዶላር ብታገኝ ከድጎማው 100 ዶላር ትቀጣለህ። ሠርተህ 80 ዶላር ከሰርክ ማለት ነው! ወረርሽኙ ካስገደደ በኋላ ቆጠራው ወደ ሰዓት ተቀየረ፤ ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በሳምንት እስከ 10 ሰዓት መሥራት ክፍያውን አይቀንስም።

ወረርሽኙ ሌላም ነገር አጋለጠ፤ ይህኛው ወገኖቻችንን በቀጥታ የነካ ነው። በመጋቢት 2020 የጸደቀው «ኬርስ አክት» በግል ለሚሠሩ፣ ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮች ሳይቀር፣ የተለየ የሥራ አጥነት ክፍያ ፈቀደ። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ስንት ኢትዮጵያዊ ሾፌር እንዳለ ታውቃላችሁ። ችግሩ ይህ ክፍያ የተፈቀደው መደበኛውን ድጎማ ማግኘት ለማይችል ብቻ መሆኑ ነበር። ዋና ኑሮው ታክሲ ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንግ ውስጥ በደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ በዚያች ትንሽ ደመወዝ ምክንያት ወደ መደበኛው ድጎማ ይላካል። ድጎማው የሚሰላው በፓርኪንጓ ደመወዝ ነው፤ የታክሲው ገቢ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ኮንግረሱ ስህተቱን ያየው በታኅሣሥ 2020 ነው። በግል ሥራ ቢያንስ 5,000 ዶላር ያገኘ ሰው በሳምንት 100 ዶላር እንዲጨመርለት ተወሰነ፤ ያውም ስቴቱ ከተስማማ።

ኦንላይን ሲመጣ ደግሞ ቀኑም ሰዓቱም ተምታታ። ጎግል አድሴንስ ሒሳብህ 100 ዶላር ካልሞላ አይከፍልም። ቪዲዮውን የሠራኸው ባለፈው ዓመት፣ ተመልካቹ ያየው በየወሩ፣ ገንዘቡ የገባው ዛሬ ሊሆን ይችላል። የትኛው ሳምንት ነው «የሠራህበት»? በፋብሪካ ዘመን የተጻፈ ቅጽ ለዚህ ሣጥን የለውም።

እኛ አገር ጥያቄው አይነሳም፤ ወርኃዊ የሥራ አጥነት ድጎማ የለምና። ያለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፈላል። አንዴ ይሰጥሃል፣ በቲክቶክ ብትሠራም ማንም አይጠይቅህም። ገንዘቡ ሲያልቅም የሚጠይቅህ የለም።

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ወንድሜ፣ በየሳምንቱ በምትሞላው ቅጽ ላይ «ሠርተሃል?» ሲልህ ደብቀህ «አልሠራሁም» አትበል። ሆን ብሎ ደብቆ የተገኘ ሰው የወሰደውን ከመመለሱ ሌላ፣ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 15 በመቶ መቀጮ ይጨመርበታል። ቻናሉ ላይ የሠራህበትን ቀንና ሰዓት፣ የገባልህንም ገንዘብ ከነቀኑ በደብተር ያዝ። የትኛውን ሳምንት መጻፍ እንዳለብህ ለስቴትህ የሥራ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቃቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበልና አስቀምጠው።